ተከፍቶ የጎደለ ፋይል፦ ስለ ኦቶካድ ቨርዥን ጣጣ ሐዋሳ ላይ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር መቀመጥ እየተቻለ ስለ ፋይል ቨርዥን ለመስማት አዳራሽ የገባ ሰው፣ ነገሩ አንገብግቦት መሆን አለበት። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፅ ይደርሳል? መልካም።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። በዚህ ሳምንት «ፋይሉ አልከፈት ብሎኛል፣ ወደ አሮጌ ቨርዥን ዝቅ አድርገህ ላክልኝ» ያለ ወይም የተባለ ማን አለ? እንዳሰብኩት ነው። ድራፍትማኑም፣ ቀያሹም፣ ሳይት መሐንዲሱም፣ ፕላን በሚታተምበት ፕሎት ቤት የሚሠሩት እህቶቻችንም አውጥተዋል።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮንሳልታንቱ ማታ የፕላኑን ፋይል በቴሌግራም ይልካል። ጠዋት ብረት ሊታሰር ነው። የሳይት ቢሮው ላፕቶፕ ላይ ያለው ፕላን መሳያ ፕሮግራም ኦቶካድ 2007 ነው። ሲጫኑት «ይህ ፋይል በአዲስ ቨርዥን የተሠራ ስለሆነ አይከፈትም» ብሎ ይመልሳል። ስልክ ይደወላል፣ አይነሳም። ፌሮ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የቆመበትም ቀን ይከፈልበታል።

ያናድዳል። ግን ልብ በሉልኝ፦ ይህ ፋይል ማንንም አልጎዳም። አልከፈትም አለ፣ አለቀ። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ዝቅ ተደርጎ የተላከው፣ እሺ ብሎ የተከፈተው፣ ሲያዩት ደህና የሚመስለው፣ ውስጡ ግን አንድ ነገር የቀረበት። እምቢ ያለውን ፋይል ሁሉም ሰው ያየዋል። ተከፍቶ የጎደለውን የሚያየው ማነው? ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ተቆጣጣሪው!

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እናያለን። የፋይሉን ቨርዥን እንዴት እንደምናውቅ፣ እንዴት ዝቅ እንደምናደርግ፣ ዝቅ ሲል ምን እንደሚቀር። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ሰው የሚዘለው እሱን ነውና።

ወደ አንደኛው። የፕሮግራሙ ቁጥርና የፋይሉ ቁጥር ለየቅል ናቸው። ኦቶካድ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ሥዕሉ የሚቀመጥበት የዲደብሊውጂ ፋይል አሠራር፣ ማለትም ፎርማቱ፣ ግን በየዓመቱ አይለወጥም። ከ2000 ወዲህ የተለወጠው 2004፣ 2007፣ 2010፣ 2013 እና 2018 ላይ ነው። ስለዚህ በ2009 የተሠራን ፋይል 2007 ይከፍተዋል፤ አንድ ፎርማት ናቸው። 2010፣ 2011 እና 2012 አንድ ናቸው። ከ2013 እስከ 2017 ያሉት አምስቱ አንድ ናቸው። ከ2018 እስከ 2025 ያሉት የሚጽፉት በ2018 ፎርማት ነው። «የእኔ 2019 ነው፣ የእሱ 2024 ነው፣ ለዚህ ነው ያልተከፈተው» የሚል ሰው ካለ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ቨርዥን አይደለም።

በነገራችን ላይ 2007 ስል በፈረንጅ ነው። ኦቶካድ 2007 ገበያ ላይ የወጣው በእኛ 1998 ዓ.ም. ነው። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ቁጠሩት። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ፕሮግራም አይናቅም፤ አዲስ ነገር ይገባዋል ብሎ መጠበቅ ግን የእኛ ጥፋት ነው።

ታዲያ እጃችሁ ላይ ያለው ፋይል የትኛው ፎርማት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? በላኪው ቃል አይደለም። በኖትፓድ ነው። ፋይሉን በቀኝ ተጭናችሁ በኖትፓድ ክፈቱት። የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይመጣል፤ አትደንግጡ። መጀመሪያው መስመር ላይ፣ በግራ ጥግ፣ ስድስት ምልክት አለ፦ ኤ፣ ሲ፣ ከዚያ አራት አኃዝ። 1015 ከሆነ 2000 ነው። 1018 ከሆነ 2004። 1021 ከሆነ 2007። 1024 ከሆነ 2010። 1027 ከሆነ 2013። 1032 ከሆነ 2018። በሦስት በሦስት ይሄድና መጨረሻ ላይ ብቻ በአምስት ይዘላል። ይህችን ጽፋችሁ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፏት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ኖትፓዱን ስትዘጉ «ሴቭ ላድርግ?» ካላችሁ፣ አይሆንም በሉት። ሴቭ ያደረገ ሰው ፋይሉን አበላሽቶታል። በቅጂው ላይ ብትሞክሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ኖትፓድ ውስጥ ኤሲ የሚለው ጭራሽ ከሌለ፣ ባዶ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ቨርዥን ማውራት ተዉ። ፋይሉ ሞቷል። ፍላሹ ሳይጠበቅ ተነቅሏል፣ ወይም መብራት ሴቭ መሃል ሄዷል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ባክ የሚለው ፋይል፣ ማለትም የቀድሞው ሴቭ መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ በተመሳሳይ ስም ይቀመጣል፣ መጨረሻውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይራችሁ ትከፍቱታላችሁ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ካልተከፈተ ደግሞ የፋይሉን መጠን ከላኪው ጋር አነጻጽሩ። እሱ ዘንድ 8 ሜጋባይት፣ እናንተ ዘንድ 5 ከሆነ ዳውንሎዱ አላለቀም። በመጠን እኩል ከሆኑ «ሪከቨር» የሚለውን ትእዛዝ ሞክሩ፤ ከተከፈተ በኋላ «ኦዲት» ብላችሁ ስህተቱን ይጠግን ዘንድ እሺ በሉት።

ሁለተኛው፣ ዝቅ ማድረግ። ማነው ዝቅ ማድረግ ያለበት? ላኪው። ለምን? ምን እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሲጎድልም የሚያውቀው እሱ ነው። ሴቭ አዝ ብሎ፣ ከስሙ በታች ካለው የፋይል ዓይነት ዝርዝር ውስጥ 2013 ወይም 2007 ይመርጣል፣ በሌላ ስም ያስቀምጣል። በሌላ ስም! ዋናው ሳይነካ መቅረት አለበት። የስሙ መጨረሻ ላይ ፎርማቱን ጻፉበት፦ «ፋውንዴሽን፣ ለ2007»። ሁለት ፋይል ነው፣ አንድ አይደለም፤ እርማት የሚደረገው ዋናው ላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ እንደገና ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አዲስ ኦቶካድ ያለው ሰው የ2007 ፋይል ተቀብሎ ይከፍታል፣ አንዲት መስመር ያርማል፣ ኮንትሮል ኤስ ይጫናል። ፋይሉ ምን ሆነ? 2018 ሆነ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያውቅ። ሴቭ የሚለው ቁልፍ የሚጽፈው ፋይሉ በመጣበት ፎርማት አይደለም፤ ኦፕሽንስ ውስጥ በተቀመጠው ነው። ስለዚህ ኦፕሽንስ ግቡ፣ «ኦፕን ኤንድ ሴቭ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፣ በግራ ከላይ ሴቭ አዝ የሚል ዝርዝር አለ፤ ቢሮው የተስማማበትን ፎርማት አንድ ጊዜ አስቀምጡት። በቢሮው ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ። አንዱ ከቀረ፣ ጠዋት ሁሉም የሚጠይቀው «ትናንት ይከፈት አልነበረም ወይ?» ነው።

ላኪው ካልተገኘስ? ሁለት ነፃ መሣሪያ አለ። አንዱ የአውቶዴስክ ትሩቪው ነው። ማየትና ፕሪንት ማድረግ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ኮንቨርት የሚል ቁልፍም አለው። ፋይሎቹን ትጨምራላችሁ፣ ወደየትኛው ፎርማት እንደሚወርድ ትመርጣላችሁ። ማስቀመጫው ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፦ ከምርጫዎቹ አንዱ በዋናው ላይ ደርቦ የሚጽፍ ነው። እሱን ተዉና ወደ ሌላ ፎልደር የሚለውን ውሰዱ። ሌላው የኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር ነው። መግቢያ ፎልደር፣ መውጫ ፎልደር፣ የሚፈለገው ቨርዥን፤ ኦዲት የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ጀምር። መቶ ፋይል ቢሆን በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ለፕሎት ቤቶች ይህኛው ይሻላል። ኢንተርኔት ላይ «ፋይልህን እዚህ ጫን፣ ቀይሬ እሰጥሃለሁ» የሚሉትን እኔ አልመክርም። የሰው ሕንፃ፣ የሰው ባንክ፣ የሰው መጋዘን ፕላን ነው፤ ለማን ነው የምትሰጡት?

ኤክስሬፍ፣ ማለትም ከሥሩ የተያያዘ ሌላ ፋይል፣ ያለበት ሥራ ደግሞ በሴቭ አዝ ብቻ አይወርድም። የስትራክቸሩ ፋይል 2007 ሆነ፤ ከሥሩ የተያያዘው የአርክቴክቸሩ ፕላን ግን ያው 2018 ነው። ተቀባዩ ሲከፍት ምን ያያል? ዓምዶቹ አሉ፣ ግድግዳው የለም። «ግድግዳውን ረስተሃል» ብሎ ይደውላል። ለዚህ «ኢትራንስሚት» የሚል ትእዛዝ አለ። ዋናውን ፋይል፣ የተያያዙትን፣ ፎንቱንና የመስመሩን የሕትመት ውፍረት የሚወስነውን የፕሎት ስታይል ፋይል (ሲቲቢ) ሰብስቦ አንድ ዚፕ ያደርጋል። ሴትአፑን ስታስተካክሉ የፋይል ፎርማቱን 2007 ካላችሁት የተያያዙትንም አብሮ ያወርዳል። «ፎንት ጨምር» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ። በቴሌግራም የምትልኩትም ይህን ዚፕ ይሁን።

እሺ። አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዋናው።

ፋይል ዝቅ ሲል ምን ይቀራል? ደንቡ ቀላል ነው፦ አሮጌው ፕሮግራም ሲወጣ ያልነበረ ነገር፣ አሮጌው አያውቀውም። የማያውቀውን ነገር ወይ በሥዕል መልክ ያሳያል፣ ወይ ጭራሽ አያሳይም። ግን እስቲ አንድ ፋውንዴሽን ፕላን ይዘን እንየው።

ፕላኑ ላይ ፉቲንጎች፣ የዓምዶቹ መሠረቶች፣ አሉ። ድራፍትማኑ እንዲያምር ብሎ ፉቲንጎቹን ሃች በሚባለው መሙያ በሙሉ ቀለም ሞላቸውና 60 በመቶ ትራንስፓረንሲ፣ አሳላፊነት፣ ሰጣቸው። በስሱ ይታያል፤ ከሥር የብረቱ መስመርና ቁጥር ይነበባል። ትራንስፓረንሲ ከኦቶካድ 2011 ጋር የመጣ ነው። 2007 አያውቀውም። ሳይት ላይ ሲከፈት ሃቹ ድፍን ሆነ። ከሥሩ ያለው የብረት ምልክት ተሸፈነ። ፋይሉ ግን ተከፍቷል፣ ስህተት አልተጻፈም፣ ፕላን ይመስላል። ፎርማኑ ፉቲንጉን አየ፤ ብረቱን አላየም። ከሌላ ሉህ ላይ የሌላ ፉቲንግ ዲቴል ወሰደ። ማን ይወቀስ? መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለአሮጌ ቨርዥን የሚወርድ ፕላን ላይ ድፍን ሃች በመስመር ሃች ይተካ፤ ካልሆነ ሃቹ ተመርጦ «ድሮው ኦርደር» በሚለው ትእዛዝ ወደ ኋላ ይላክ።

ያው ፕላን ላይ ዳይሜንሽኑ፣ ልኬቱ የሚጻፍበት መስመር፣ አኖቴቲቭ ነው። ይህ ከ2008 የመጣ ነው። አንድ ዳይሜንሽን 1 ለ50 እና 1 ለ100 ሁለት ስኬል ተሰጥቶታል፤ እንደ ቪውፖርቱ፣ በማተሚያው ገጽ ላይ እንደተከፈተው መስኮት ስኬል፣ ራሱን ያስተካክላል። 2007 ይህን አያውቅም። «ሴቭፊደሊቲ» የሚባለው ቁጥር 1 ከሆነ፣ ዝቅ ሲል ፕሮግራሙ ለየስኬሉ ይከፋፍለውና ስም የለሽ ብሎክ፣ አንድ ላይ የታሰረ ሥዕል፣ ያደርገዋል፤ በቀድሞው ሌየር (ንብርብር) ስም ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው አዳዲስ ሌየሮችም ይፈጠራሉ። 0 ከሆነ ይህ ጥንቃቄ አይደረግም። ስለዚህ ላኪው 1 መሆኑን ይይ። ተቀባዩ ደግሞ እነዚያን ሌየሮች ሲያይ «ይህ ቆሻሻ ምንድነው?» ብሎ አያጥፋ፤ ብሎኩንም ኤክስፕሎድ አያድርግ፣ አይበትነው። ኤክስፕሎድ ተደርጎ ወደ አዲሱ ኦቶካድ ሲመለስ፣ አንድ የነበረው ዳይሜንሽን ሁለት ሆኖ ይደራረባል። አንዱ ይታረማል፣ ሌላው የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ከዚህ የከፋ ነገር አለ?

መልቲሊደርም፣ ቀስት ያለው ማብራሪያ ጽሑፍ፣ እንዲሁ ከ2008 ነው፤ 2007 ላይ ፕሮክሲ ሆኖ ይመጣል። ፕሮክሲ ማለት ፎቶው አለ፣ ሰውየው የለም እንደ ማለት ነው፤ ይታያል፣ አይታረምም። መጠኑ ተስቦ የሚለወጠው ዳይናሚክ ብሎክ ከ2006 ነው፣ 2004 ላይ በር ሆኖ ይታያል፣ ግን አይሳብም። ከሥር የተያያዘ ፒዲኤፍ ከ2010 ነው፤ 2007 ላይ አይታይም። የመሬትና የመንገድ ዲዛይን ፕሮግራሙን ሲቪል 3ዲን የምትጠቀሙ ቀያሾች፣ ለእናንተ ይበልጥ ከባድ ነው፦ የመሬቱ ሰርፌስ፣ የመንገዱ አላይንመንትና ፕሮፋይል ተራ ኦቶካድ ውስጥ ፕሮክሲ ነው። ሴቭ አዝ አትበሉ፤ «ኤክስፖርት ቱ ኦቶካድ» በሉ፣ ወደ ተራ መስመርና ጽሑፍ ይፈታዋል። ሰርፌሱን ራሱን ለሌላ መሐንዲስ የምታስተላልፉ ከሆነ ደግሞ በላንድኤክስኤምኤል አውጡት።

እንግዲህ ምን እንደቀረ እንዴት ይታወቃል? በዓይን አይደለም። ዋናውን ፋይል ክፈቱ፣ ኮንትሮል ኤ ብላችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ ፕሮፐርቲስ ላይ ከላይ ያለውን ዝርዝር ዘርጉት። ስንት መስመር፣ ስንት ሃች፣ ስንት ጽሑፍ፣ ስንት ዳይሜንሽን በቁጥር ያሳያችኋል። ፎቶ አንሱት። የወረደውን ፋይል በአሮጌው ኦቶካድ ክፈቱና ያንኑ አድርጉ። ቁጥሩ የግድ እኩል አይሆንም፤ ሲከፋፈል የሚጨምር አለ። የቀነሰ ካለ ግን፣ ወይም «ፕሮክሲ» የሚል ቃል ከመጣ፣ እዚያ ቁሙ። ከዚያ ሦስት ርቀት ለኩ፤ ከአክሲስ አክሲስ አንዱን፣ የሕንፃውን ሙሉ ርዝመት፣ አንድ ማዕዘን ለማዕዘን። 3.60 የተጻፈበት 3.60 መለካት አለበት። የተጻፈውና የተለካው ካልገጠሙ፣ አንድ ሰው ዳይሜንሽኑን በእጁ ጽፎበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የቨርዥን ሳይሆን የዲዛይነሩ ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ስለ አማርኛ ጽሑፍ ላንሳ፤ እዚህ ያለን ሰዎች ከሌላው ዓለም ይልቅ የምንሰቃይበት ነውና። የርዕስ ሳጥኑ ላይ «የመኖሪያ ቤት ፕላን» ተብሎ ተጽፎ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ወይም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። የላቲን ፊደል ከሆነ፣ ጽሑፉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ነው፤ እነዚያ የግዕዙን ሥዕል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ ላቲኑ ይወጣል። ፎንቱን አብሮ መላክ ብቻ ነው መድኃኒቱ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ፣ ለግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው አጻጻፍ ነው፤ የጽሑፍ ስታይሉ ግን እንደ ሮማንስ ያለ ኤስኤችኤክስ የሚባል የኦቶካድ ፎንት ነው፤ እሱ ውስጥ ግዕዝ የለም። ስታይል ብላችሁ ግቡና ኒያላ ወይም ኢብሪማ አድርጉት፣ ይመለሳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከሌለ፣ ከዊንዶውሱ ተጨማሪ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንት የሚለውን መጫን ነው። ዲደብሊውጂ ጽሑፍን በዩኒኮድ መያዝ የጀመረው ከ2007 ፎርማት ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ያለበትን ፕላን ከ2007 በታች አታውርዱ። የግድ ከሆነ ርዕሱን ብቻ «ቴክስት ኤክስፕሎድ» በሚለው የኤክስፕረስ መሣሪያ ወደ መስመር ቀይሩት። ያ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አይታረምም፣ ፋይሉም ይከብዳል።

ቨርዥን ተብሎ በከንቱ የሚከሰስም አለ። ፋይሉ ተከፍቶ ብሎኩ 1000 እጥፍ ገዝፎ ከመጣ፣ አንዱ በሚሊሜትር ሌላው በሜትር ነው፤ «ኢንስዩኒትስ» የሚለውን በሁለቱም ፋይል ተመልከቱ። የመስመሩ ውፍረት ፕሎት ቤት ላይ ከተለወጠ፣ ሲቲቢ ፋይሉ አብሮ አልሄደም። ሃቹ አልሞላ ካለ፣ ክቡ ጥርስ ካወጣ ደግሞ ኮኦርዲኔቱን እዩ። ሐዋሳ ቀያሾች በሚጠቀሙበት የዩቲኤም ኮኦርዲኔት ዞን 37 ነው፤ ኢስቲንጉ (የምሥራቅ ቁጥሩ) 440 ሺህ፣ ኖርዚንጉ (የሰሜን ቁጥሩ) 780 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን በሚሊሜትር ስትስሉት 780 ሚሊዮን ይሆናል። አሮጌው ኦቶካድ ከዜሮ ነጥብ ያን ያህል ርቆ ጥሩ አያይም። ግን እባካችሁ የቀያሹን ፋይል ጎትታችሁ ወደ ዜሮ አታምጡት! ሕንፃውን በዜሮ አካባቢ ሳሉና ሳይት ፕላኑ ላይ በኤክስሬፍ አስቀምጡት።

ፕላን ስለሚለዋወጡበት ሌላው የፋይል ዓይነት፣ ስለ ዲኤክስኤፍ፣ የጠየቀ ወንድም ነበር። ኦቶካድ ላልሆነ ፕሮግራም ወይም ለፕላዝማ መቁረጫ ማሽን ስትልኩ ይጠቅማል። አር12 ወደሚባለው የድሮ ቨርዥን ከወረደ ግን ኤምቴክስቱ (ባለ ብዙ መስመር ጽሑፉ) ይበታተናል፣ ስፕላይኑ (ጥምዝ መስመሩ) የተሰባበረ መስመር ይሆናል፣ ሌየር ስሙ ከ31 ፊደል በላይ አይፈቀድም። ለብረት መቁረጥ ይበቃል። ለፕላን መለዋወጫ አይሁን።

የሕንፃ ሞዴል መሥሪያው ሬቪት ያላችሁ፣ በአጭሩ፦ ሬቪት ወደ ኋላ አይወርድም። በ2024 ተከፍቶ ሴቭ የተደረገ ሞዴል 2023 ላይ ዳግም አይከፈትም፤ ሴቭ አዝ ውስጥም አታገኙትም። ሥራ ስትጀምሩ በቨርዥን ተስማሙ፤ ለሌላው ሰው የሚሰጠው ዲደብሊውጂ ኤክስፖርት ወይም አይኤፍሲ፣ ሞዴል መለዋወጫ ፋይል፣ ነው።

ፎርማቱንስ የቱን እንምረጥ? የእኔ አስተያየት፦ ሁሉም ከ2013 በላይ ካለው በ2013 ተስማሙ። አንድም ሰው 2007 የሚጠቀም ካለ በእሱ ልክ ውረዱ፤ ቡድኑ የሚሄደው በዝግተኛው ነው። ይህን በቃል አትተዉት። ሥራው ሲጀመር በሚያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ መስመር ትጻፍ፦ የፋይል ፎርማት 2007፣ ዩኒት ሚሊሜትር፣ ፎንት ኒያላ፣ ከእያንዳንዱ ዲደብሊውጂ ጋር ፒዲኤፍ ይላካል። ፒዲኤፉ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዲደብሊውጂው ቢጎድልም ፒዲኤፉ ላኪው ያየውን ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ፎርማን፣ ያ የተሸፈነ ብረት አያመልጠውም።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አልከፈት ያለ ፋይል በፍላሽ የያዘ ካለ ደግሞ ወደ ፊት ያምጣው፤ ፕሮጀክተሩ ላይ በኖትፓድ እንክፈተውና ቁጥሩን አብረን እናንብብ።